የጓሳ ተረኞች ስም ዝርዝር

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባላል፤ የእኔን ነገር ያነሳችው ግን የልጅ ልጄ ማህሌት ናት። ማህሌት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ትመጣና ልብሷን ታጥባለች፤ የሠራሁትን ሽሮ «ጨው በዝቶበታል» እያለች ሙልጭ አድርጋ ትበላለች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳ ውስጥ ትገባለች። ባለፈው ጥር በአንዱ ቅዳሜ «አባባ፣ እስቲ ስማኝማ» አለችኝ። የቤት ሥራዋ ስለ ሰሜን ዋልታ ሰዎች ነበር። ኢኑይት ይባላሉ አለች። በረዶ በሞላው አገር የሚኖሩ፣ እኛ ከኦሪት ላይ ቁርበቱን ብቻ የምናውቀውን አቆስጣ የተባለ የባሕር እንስሳ አድነው የሚበሉ ሰዎች ናቸው። «መንግሥታቸው ስለ ደህንነት ሲጠየቅ መርከብ፣ ራዳር፣ ወታደር ይላል። እነሱ ሲጠየቁ ደግሞ በረዶው እየሳሳ ነው፣ አውሬው እየራቀን ነው፣ ልጆቻችን ቋንቋችንን እየረሱ ነው ይላሉ። መንግሥት በካርታው ላይ አገሩን ባዶ ይለዋል፤ እነሱ ኧረ እኛ አለንበት ይላሉ። አንተ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበርክ? ማንኛቸው ናቸው ልክ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ሂጂና አስተማሪሽን ጠይቂ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክው አለች። ከተወለደች ጀምሮ ተቆጥቻት አላውቅም፤ እንዲያውም እናቷ «አሞላቀቅክብኝ» እያለች የምትጨቃጨቀው እኔን ነው። ተነስቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የወጋችኝ ያቺ «ባዶ» የምትለዋ ቃል ናት። ያቺን ቃል ካርታ ላይ ተጽፋ ያየኋት ማህሌት ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ ነው። የተጻፈችውም ስለ ጓሳ ነበር።

የትኛው መንግሥት ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። የመንግሥት ነገር እንደሆነ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል፤ እኔም ዓመተ ምሕረቱን አምታታዋለሁ። ዘመኑን የማውቀው በሌላ ነው። አንድ ሙክት በግ ዛሬ አንድ ኪሎ ስኳር በማይገዛ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። ደህና የመንዝ ባና፣ ያ ጥቁሩ፣ ዝናብ የማያስገባው፣ ዘመሮ ገበያ ላይ ግማሽ ቀን ተከራክሮ ነው የሚገዛው፤ ሻጩም ገዢውም ሳይሰዳደቡ ከተለያዩ ንግዱ አልደራም ማለት ነው። እኛ የከተማ ወጣቶች ደግሞ ሱሪያችን ከጉልበት በታች ድንኳን ያህል የሰፋ ነበር። በዚያ ብርድ! ነፋሱ ከታች ይገባና እስከ ወገብ ድረስ ይጎበኘናል፤ እኛ ግን ፋሽን ነውና ጥርሳችንን እያፋጨን እንንጎራደዳለን። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሬዲዮ የነበረው እሱ ስለሆነ ከሥራ ስንወጣ እዚያ ግድግዳ ተደግፈን ዘፈን እንሰማለን። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ሰፊው ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣና እንጠብቃለን። አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ፣ ክረምት ሲሆን እግዜር በፈቀደ ጊዜ ይመጣል። ፍሬኑ ሲንሲያጥጥ ከታች ሠፈር ድረስ ይሰማ ስለነበር መምጣቱን ለማወቅ መስኮት መክፈት አያስፈልግም።

እኔ እዚያው መንዝ ውስጥ የወረዳው ጸሐፊ ነበርኩ። ራሴን ላወድስና፣ እንደ እኔ ያለ እጅ በአካባቢው አልነበረም። ቁም ጽሕፈት ከየኔታ የተማርኩ፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ ያሳመርኩት ነው። ከራቤል፣ ከመርሐ ቤቴ ጫፍ ሳይቀር ማመልከቻ ሊያስጽፍ የሚመጣ ሰው ነበር። «የእሱ ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅሳል» ይሉኝ ነበር። እኔም ይህንን ስሰማ ደረቴ ይነፋል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ብዕር ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ ስሄድ ሽጉጥ የታጠቅሁ ነው የሚመስለኝ።

አንድ ዓመት ላይ አዲስ የጸጥታ ኃላፊ ተሾመልን። የሞቀ አገር ሰው ነው። ካፖርቱን ቢሮ ውስጥም አያወልቅም፤ ካልሲ ደራርቦ ነው የሚውለው። ዛሬ ላይ ሳስበው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣራ ባንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ለጥፎ በቀይ እርሳስ ያከብበው ነበር፤ እዚህ መንገድ፣ እዚህ ኬላ፣ እዚህ ገበያ። ጓሳ ያለበትን ሰፊ ቦታ ግን ምንም አላደረገበትም፤ መሐል ለመሐል «ባዶ መሬት» ብሎ ጻፈበትና አለፈ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ባዶ አይደለም ጌታዬ ማለት ነበረብኝ። ስለ ጓሳ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ያደግሁበት ቤት የተከደነው በጓሳ ነው። ግን አለቃ እርሳስ ይዞ ሳለ የሚናገር ጸሐፊ የት ታውቃላችሁ?

ጓሳን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከቤታችን በላይ ያለው አምባ ነው። ውርጩ ክፉ ስለሆነ ገብስ እንኳን በወጉ አይበቅልበትም። የሚበቅለው ያ ረጅሙ ሣር ነው፤ ስሙም ጓሳ። ቤት የሚከደነው በእሱ ነው፣ ገመድ የሚገመደው ከእሱ ነው፣ የዝናቡ ገሳ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ደግሞ በጉ የሚተርፈው በእሱ ነው። ታዲያ ማንም እንደፈለገ ገብቶ ቢያጭደው በሁለት ዓመት ያልቃል። ስለዚህ አባቶቻችን ዓመታት ይዘጉታል፤ ሲበቃ አንድ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፣ ሁሉም ወጥቶ ያጭዳል፣ መልሰው ይዘጉታል። በተዘጋ ጊዜ ከየአጥቢያው ተረኞች ይጠብቁታል። የሣር ሌባ ሲታይ ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባውን የሰማ ተረኛ ከእርሻም ሆነ ከማዕድ ተነስቶ ይሮጣል። የተያዘ ሌባ ማጭዱን ይቀማል፣ ገመዱ ዓይኑ እያየ ይቃጠላል፣ ያፍራል፣ ይሄዳል። በቃ። ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ጊዜ አያ ጥላዬ ነበሩ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚወጣ፣ ማን ታሞ ተራው እንደተላለፈ፣ ማን ሞቶ ልጁ እንደተካው፣ ሁሉም በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም፤ አይሰፍርምም። ደንቡ ነው።

አያ ጥላዬ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። አባቴ ሲሞት እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን አርጅቶ ማፍሰስ ሲጀምር ማንም ሳይጠይቃቸው ሣር ተሸክመው መጥተው የከደኑልን እሳቸው ናቸው። እናቴ ጠላ ስታቀርብላቸው «የእሱን ዕዳ ነው የምከፍለው» ይሉ ነበር፤ ምን ዕዳ እንደሆነ ግን ነግረውን አያውቁም።

ኃላፊው በመጣ በወሩ ሕዝብ ሰበሰበ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ባናቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። «የአካባቢያችሁ ጸጥታ ምን ይመስላል? የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ ሳትፈሩ ተናገሩ» አለ። አያ ጥላዬ ተነሱ።

«የሚያሰጋንማ ውርጭ ነው ጌታዬ» አሉ። «ከውርጭ ቀጥሎ ጓሳው ነው። ጓሳው ካለ ቤታችን ይከደናል፣ በክፉ ቀን በጋችን አያልቅም። ጓሳው የጠፋ ዕለት ግን አንድ ክረምት አንሻገርም።»

«ይሄ የግብርና ጉዳይ ነው» አለ ኃላፊው። «እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ጸጥታ ነው።»

«እኔም የምነግርዎ ስለሱ ነው» አሉ አያ ጥላዬ። ሕዝቡ ሳቀ። የኃላፊው ጆሮ ቀላ። እኔ ወረቀቴ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? «ነዋሪዎች በጸጥታ ረገድ የሚያሰጋቸው ነገር እንደሌለ ገልጸዋል።» አሳምሬ ነበር የጻፍኩት።

ሳምንት አልሞላም፤ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ ከላይ ጥሩንባው ተነፋ። ከአንድ አጥቢያ ሦስት፣ ከሌላው አምስት እያሉ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ባናቸውን ታጥቀው ሰዎች ዳገቱን ሲወጡ በመስኮት ይታያሉ። ኃላፊው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ነው ያዘዛቸው?» አለኝ። «ተረኞች ናቸው ጌታዬ፤ የሣር ሌባ ገብቶ ይሆናል» አልኩት። «ማን ነው ያዘዛቸው ነው ያልኩህ!» ፊቱን ላብ ላብ ይለዋል፣ በዚያ ብርድ። ያን ቀን ነው የገባኝ። እሱን የሚያስፈራው መንግሥት ሳያውቅ በአንድ ሰው ትንፋሽ ይህን ያህል ሰው መነሳቱ ነው። እኛን የሚያስፈራን ደግሞ ጥሩንባ ተነፍቶ የሚነሳ ሰው የጠፋ ዕለት ነው። በማግሥቱ ጥሩንባ መንፋትና ያለ ፈቃድ መሰብሰብ የሚከለክል ማስታወቂያ ወጣ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገበያው መግቢያ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

የሣር ሌቦች እንደሆነ ማስታወቂያ ማንበብ አያቅታቸውም። ወዲያው በአህያ መጫን ጀመሩ። አያ ጥላዬ ሁለት ጊዜ መጥተው ለመኑ፤ ኃላፊው አላስገባቸውም። ይሄኔ ነው እኔ ብልሁ፣ እኔ ፊደል ቆጣሪው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። ተረኞቹ ቢመዘገቡስ? ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ አጥቢያቸው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ቢቀርብ የታወቀ ጥበቃ ይሆናሉ። መንግሥት የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ ካወቃቸው ምን ይፈራል? ኃላፊውን ሳማክረው ዓይኑ በራ። «እንዲያውም! አምጣልኝ፤ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» አለኝ። ስለ ጓሳው አስቤ ነው ብል አልዋሸሁም። ግን ሙሉውን እውነት ልናገር ካልኩ፣ ልታይም ፈልጌ ነበር። ጉዳዩን የቋጨው ጸሐፊው ነው እንድባል ፈልጌ ነበር።

አያ ጥላዬን ያገኘኋቸው እዚያው ጓሳ ላይ፣ ብቻቸውን፣ ድንጋይ ተንተርሰው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ዙሪያውን ጅብራው፣ ያ የደጋው ረጅም ተክል፣ ቆሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ማዶ ይግጣሉ። ሐሳቤን ነገርኳቸው።

«አይጻፍም» አሉኝ። «ደንቡን ታውቀው የለ?»

«አያ ጥላዬ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?»

«እሱ ለዳዊቱ ነው። የሰው ስም ሌላ ነው። እኔ ስም ስይዝ ሰውዬውን ከነልጁ፣ ከነበሬው፣ ከነበሽታው ይዤ ነው። ወረቀት ምን ያውቅለታል?»

«ካልተጻፈ ጥሩንባው አይነፋም። ጥሩንባው ካልተነፋ ጓሳው አለቀ። እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ አንድ ክረምት አንሻገርም ያሉት!»

ቀና ብለው ሣሩን አዩት። የአህዮቹ ዱካ ተነጥፎበታል፤ ጥግ ጥጉ ተላጭቷል። አንጀታቸውን የበላው ያ ይመስለኛል። «አንተ ካልክ» አሉኝ። «አንተ የወንድሜ ልጅ ነህ። አንተ መልካም ነው ካልክ ይሁን።» ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ከታችኛው አጥቢያ ተነስተው፣ ሸንተረር ለሸንተረር እየዞሩ፣ እያንዳንዱን በተራው ጠሩልኝ። እኔ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ስም። የራሳቸውን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ሳነብላቸው እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሸኙት፤ ስጨርስ «እንዲህ በአንድነት ተሰልፈው ሰምቻቸው አላውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም። ፈቃዱ እስኪመጣ በመካከላችን ይሁን ብለው ስለለመኑኝ ለማንም አልተናገርኩም። ቢሮ ገብቼ በቁም ጽሕፈት፣ ካርቦን ሥር አድርጌ፣ በሦስት ቅጂ ገለበጥኩት። ኃላፊው እጄን ጨበጠኝ። ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

በሳምንቱ መጥሪያ ጻፍ አለኝ። «ስለ ጓሳ ጥበቃ ፈቃድ ጉዳይ ስለምንፈልጋችሁ ሐሙስ ጠዋት በጽሕፈት ቤቱ ግቢ እንድትገኙ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ የእኔ ነው፤ አምኜበት ነው የጻፍኩት። ሐሙስ መጡ። አንድም የቀረ የለም። ለፈቃድ ነው ብለው የታጠበ ነጠላ ለብሰው፣ አንዳንዱም ፀጉሩን ተላጭቶ ነው የመጣው። ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ስሙ የተጠራ «አቤት» እያለ ወደ አንድ ወገን ይቆማል። ሠላሳ አንድ ጊዜ አቤት ተባለ። ከዚያ ከኋላ በር ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ገባ፤ ወታደሮች ወረዱ። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። አንደኛው እንዲያውም «በመኪና ነው እንዴ ፈቃዱ የሚሰጠው?» ብሎ ቀለደ።

አያ ጥላዬ ሲሳፈሩ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ቁጣ አልነበረም። «ጸሐፊው» አሉኝ፣ «የነገው ተራ የላይኛው ሠፈር ነው፤ ንገርልኝ።» የላይኛው ሠፈር ሰዎች ሁሉ መኪናው ላይ ነበሩ። እሺ አልኳቸው። እሺ ብቻ! ብዕሬ ደረቴ ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር። ጓሳው ጠባቂ እንደሌለው አገር ሁሉ ሰማ። በማጭድ የመጣ አለ፣ በአህያ የመጣ አለ፣ ከብት የነዳ አለ። የእኛም ሰው «ሌባ ከሚወስደው እኔ ልውሰደው» ብሎ ገባበት። የቀረውን ሥሩን እየነቀሉ አነደዱት። ወሩ ሳያልቅ ኃላፊው ወደ በላይ የሚላክ ሪፖርት አስጻፈኝ፤ «የአካባቢው ጸጥታ አስተማማኝ ደረጃ ላይ ደርሷል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ጥሩንባ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ዳገት የሚሮጥ ሰው የለም። ዝም ብሏል አገሩ። በዓመቱ ውርጩ ገብሱን ገና እሸት ሳይሆን መታው። በጎቹ የሚወጡበት ጓሳ አልነበረም። ክረምት ሲገባ አሮጌ ክዳን የነበረው ቤት ሁሉ አፈሰሰ፤ በየቤቱ ሕፃንና አሮጊት በሳል አለቁ። እናቴም ያን ክረምት ሞተች። ቤታችንን የሚከድንልን ሰው አልነበረም።

ኃላፊው ተዛወረ። ሲሄድ ሻንጣውን እኔ ነኝ የተሸከምኩለት። «ከበላይ ዝርዝር ካለህ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። ምን ላድርግ?» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ዓይኔን አላየኝም። ተረኞቹ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሁለት እያሉ መመለስ ጀመሩ፤ ከስተው፣ ፀጉራቸው ነጭቶ፣ ቆላ ነበርን ከማለት ሌላ የሚናገሩት ሳይኖራቸው። አምስቱ አልተመለሱም። ከአምስቱ አንዱ አያ ጥላዬ ናቸው። ከእሳቸው ጋር የታሰሩት እንኳን «አንድ ቀን ለብቻቸው ጠርተው ወሰዷቸው» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ሞቱም አልተባለ፣ አሉም አልተባለ። ልቅሶ አልተቀመጠላቸው፣ ተዝካር አልወጣላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው ልጃቸውን አስካለን አስከትለው እኔ ዘንድ መምጣት ጀመሩ። አስካለ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ ነበረች። ማመልከቻ ጻፍልን ይሉኛል፤ አባወራችን የት እንደደረሱ ይነገረን ዘንድ። እጽፋለሁ። አንድ ዓመት መልስ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ይመለሳሉ፤ እንደገና እጽፋለሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ ለአዲሱ ጻፍን። እናትየዋ ሞቱ፤ አስካለ ብቻዋን መጣች። አግብታ መጣች፣ ልጅ አዝላ መጣች። ገንዘብ ተቀብያቸው አላውቅም። ግን ዕንቁላል ይዘው ይመጣሉ፣ አይብ ይዘው ይመጣሉ፤ አልቀበልም ብል ይጠረጥራሉ ብዬ እቀበላለሁ። በላሁት እኮ! ያንን አይብ ቁጭ ብዬ በላሁት። «እግዜር ይስጥልን» ብለውኝ ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮም አልነገርኳቸውም እያልኩ እቀራለሁ።

ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስሞቹ ግን አብረውኝ ገቡ። ከታችኛው አጥቢያ ይጀምሩና በተራቸው ይመጣሉ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ይመጣሉ፤ ታክሲ ውስጥ ይመጣሉ። ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ከካርዱ ላይ ስም ስትጠራና ሰውዬው «አቤት» ሲል ተራዬን ትቼ እወጣለሁ። ዕድራችን ጸሐፊ ሁንልን ቢለኝ እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ እንቢ አልኩ፤ ያን ጊዜ አይንቀጠቀጥም ነበር። ጓሳው ዛሬ መልሶ አገግሟል ይሉኛል፤ ኮሚቴ አለው፣ ቱሪስት ይመጣለታል፣ ቀይ ቀበሮውን ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ግን ወጥቼ አላየሁትም። ነፋሱን ከሩቅ ስሰማው እንኳን የተጠራሁ ይመስለኛል።

ማህሌት ያን ቅዳሜ በረንዳው ድረስ ተከትላኝ መጣች። «አባባ፣ ምን አደረግሁህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ቤት መለስኳት። ግን ሌላ ነገር ወሰንኩ፤ ለአስካለ ልነግራት። ሰባ አልፌያለሁ፤ አስካለም ስድሳን ሳትጨርስ አትቀርም። ከሁለት አንዳችን ብንሞት ነገሩ ተቀብሮ መቅረቱ ነው። ንስሐ አባቴም «ለእኔ ነግረኸኛል፤ ለባለጉዳይዋስ?» ብለውኛል።

መጋቢት ላይ ዘመሮ የአጎቴ ልጅ ሞተና ለልቅሶ ወጣሁ። መንገዱ አሁን ጥሩ ነው፤ ድሮ ሙሉ ቀን የሚፈጀው በሚኒባስ የጥቂት ሰዓት ነው። የቆርቆሮው ብዛት! የጓሳ ክዳን ያለው ቤት በመስኮት ስፈልግ ስፈልግ ጥቂት ነው ያየሁት። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲሄድ አስካለን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ ብላ አየኋት። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩ። እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነዎት፣ ደህና ነኝ፣ ተባባልን። ማመልከቻ ሳታስጽፈኝ ስድስት ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

«አስካለ» አልኳት፣ «የምነግርሽ አለኝ። አባትሽ የተወሰዱበትን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሞቹን ከአፋቸው ተቀብዬ፣ ለፈቃድ ነው ብዬ አታልዬ... አላታለልኳቸውም፣ እኔም አምኜ ነበር። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አልደነገጠችም። አልዞረችምም። ፊት ለፊቷ ያለውን አዲስ መቃብር እያየች ነው።

«እናውቃለን ጋሼ» አለች። «ያን ቀን ጓሳ ላይ ከእርስዎ ጋር ተገናኝቶ ሲመለስ ለእናቴ ነግሯታል። ስሞቹን ለጸሐፊው ሰጠሁት፤ ልቤ ግን አልወደደውም አላት። እኔም ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ምድር ከሥሬ የተከፈተች መሰለኝ። «እና... ያን ሁሉ ዓመት እያወቃችሁ ነው ወደ እኔ የምትመጡት?»

«ታዲያ ማን ይጻፍልን ነበር?» አለችኝ። ድምፅዋ አልጠነከረም፤ የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ያህል ነው። «ቄሱ ዳዊት እንጂ ማመልከቻ አይጽፉ። ቢሮ የሚገባ ወረቀት የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ። ብንናገርዎ ይቀየሙናል፣ ይሸሹናል፤ ያን ጊዜ አባባ ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ እንዳወቅን ፊትሽ ላይ እንዳታሳዪው ትለኝ ነበር። ዕንቁላሉንም የምናመጣው ለዚያ ነው። አሁን ልጄ ተምሯል፤ እሱ ይጽፍልናል።»

ለካ ስድስት ሰባት ዓመት ያልመጣችው ለዚህ ነው። ከድንኳኑ ሰው ይጠራናል፤ ምሳ ቀርቧል ይላሉ። እንባዬ ሲወርድ አልታወቀኝም። መሬት ላይ ልደፋላት ተነሳሁ፤ ክንዴን ያዘችኝና መልሳ አስቀመጠችኝ።

«ይቅር በይኝ አስካለ። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች።

«ይቅርታውንስ አባባን ይጠይቁ ጋሼ» አለችኝ። «የት እንዳለ ካወቁ ደግሞ ለእኔም ይንገሩኝ።»